አምስት እርምጃ ወደ ደኑ

ኑርዬ የድንበር ችካል ማየት አይወድም። የዛሬ አሥር ዓመት ከሐይቁ በላይ ያለው ተራራ ለደን ሲከለል፣ ታሪኩ የሚባል የመሬት ኮሚቴ አባል ሜትር ጎትቶ፣ ችካል ተክሎ ግማሽ ማሳውን ወሰደበት። አራተኛ ክፍል የደረሰው ኑርዬ ስሙን መጻፍ እየቻለ፣ ታሪኩ ሰው ፊት አውራ ጣቱን ይዞ ቀለም ውስጥ ነክሮ አስፈረመው። ያንን አልረሳም።

አሁን ደግሞ ያው ታሪኩ ሔለን የምትባል የአፈር ተመራማሪ ይዞ መጣ። የድስት አፍ የሚያህል ሦስት የብረት ቀለበት ደኑ ውስጥ፣ ሦስት ኑርዬ ማሳ ላይ ቀብረው ሄዱ።

«አፈሩ የሚያወጣውን ጋዝ ልለካ ነው፤ ሁለት ሳምንት እንዳይነካ» ብላው ነበር።

ኑርዬ አፈር ሲነጠቅ እንጂ ሲተነፍስ አይቶ አያውቅም። ዓርብ መንደሩ ለጁምዓ ሲወርድ እሱ ቀረ። ማሳው ላይ፣ ከደኑ ጠርዝ አጠገብ ያለውን ቀለበት ነቅሎ፣ የድንበር ድንጋይ እንደሚገፋ ሰው፣ አምስት እርምጃ ወደ ደኑ አስገብቶ ቀበረው።

ሔለን ከታሪኩ ጋር ስትመለስ ቀለበቶቹን ቆጠረች። «ጋሽ ኑርዬ፣ ደኑ አንድ ወልዷል። ለምን ነቀሉት?»

«ድንበር ነዋ።»

ታሪኩ ሳቀ። «ኑርዬ ብረት ካየ ሁሉም ችካል ይመስለዋል።»

እሷ አልሳቀችም። ቅጠሉ በስብሶ አፈሩ ውስጥ የሚያከማቸው ካርቦን፣ መሬቱ ሲቆፈር ጋዝ ሆኖ እንደሚወጣ አስረዳችው። «ማሳዎ ላይ ፍግ እንደሚደፉ ሰምቻለሁ። ምናልባት ካርቦኑ ከደኑ አያንስ ይሆናል።»

«ካላነሰ ለደን ይሁን ትላላችሁ። ካነሰ ደግሞ አበላሸው ትሉና ትከልሉታላችሁ። በየትኛው ነው እኔ የማርስበት?»

ሔለን ወደ ታሪኩ ዞረች። ታሪኩ ሐይቁን ያያል።

«እውነትዎን ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ የምለካው ጋዝ ነው። የልኬቱ ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ ግን አላውቅም።»

«እንግዲያው ማሳዬ ላይ የቀሩትን ንቀይልኝ።»

ሁለቱንም ራሷ ነቀለች፤ ጉድጓዶቹን በእግሯ ደፍና፣ ይቅርታ ብላ ወረደች። መኪናው ወደ ሐይቅ ከተማ ሲታጠፍ ኑርዬ ቆሞ አየ። እንዲህ በቀላሉ የሚሄድ ሰው አላጋጠመውም። ዶማውን አምጥቶ አንደኛው ቀለበት የነበረበትን ቦታ ቆፈረ፤ አንድ ነገር ቀብራ ትታ እንደሁ። ምንም የለም።

ከጎኑም ቆፈረ። ፍግ ያጠቆረው አፈር እየተገለበጠ ይከመራል፤ ደግሞ ከዚያ አለፍ ብሎ ጀመረ።