የመጥረጊያው ኖት ፈራሚዎች

ሰፈሩ «ገዥው» ይለዋል። አገር ገዝቶ አያውቅም፤ መነጽር ጠጋኝ ነው። ስሙ የወጣለት ቤቱ ባከማቸው ገንዘብ ነው። በባንክ ገዥ እጅ እንኳ ይህን ያህል አይገባም ይላሉ፤ ልዩነቱ የሱ ገንዘብ ክብሪት አይገዛም። ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ገንዘብ አለኝ ብሎ ነው ያገባኝ፤ አልዋሸም» ትላለች። እንግዳው ይስቃል። ገዥውም ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ነው ብሎ ይስቃል።

የሚሰበስበው የአብዮቱን ዘመን የወረቀት ገንዘብ ነው፤ ያውም ሁሉንም አይደለም። አብዮቱ ሲፈነዳ ሳንቲም ከገበያ ጠፋ፤ ያለው ቀበረ፣ የሌለው የሚቀብረው አጣ። ኮሚቴው ማተሚያ ቤቱን ወረሰና የራሱን ኖት አወጣ። ሥዕሉ እሸት የጨበጠ ክንድ ነበር፤ ሠዓሊው ቸኩሎ ይሁን ፈርቶ፣ ላየው ሁሉ መጥረጊያ መሰለ። ሕዝቡም «መጥረጊያ» ብሎ ጠራው። ስንት ነው ሲባል፣ ሁለት መጥረጊያ። ማንም ተነስቶ እንዳያትመው እያንዳንዱ ኖት በእጅ ይፈረም ነበርና፣ ለዚህ ሥራ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች ተቀጠሩ። ከነሱ አንዷ የገዥው ታላቅ እህት ነበረች።

እቴቴ ነበር የሚላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ኮሚቴ መጣና ፈራሚዎቹን ሹራባቸውን እንኳ ሳያስደርብ በጭነት መኪና ጭኖ ሄደ። ሬሳ አልመጣም፤ ወሬም አልመጣም። እናታቸው በር ሳትቆልፍ ኖራ፣ በር ሳትቆልፍ ሞተች። ገዥው ያኔ ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበር፤ አሁን ደግሞ እንደገና የሚነቅልበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ስለ እህቱ ምን እንደሚሰማው ሲጠይቁት «ምንም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ውስጡ እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ አለ፣ ቢቆነጥጡት ግን አይሰማም። ቢሆንም የእቴቴ ፊርማ ያረፈበት መጥረጊያ ካየ ሳይወስድ አያልፍም።

ሰብሳቢዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሻይ ቤት ይገናኛሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ንጹሕ ቆሻሻን ይበላል። የታጠፈ፣ የተቦጨቀ፣ ቀለም የተጨማለቀበት ኖት ሁለት ሦስት ሆኖ በአንድ ጥርት ያለ ይለወጣል። ገዥው በዚህ ሕግ ኖሮ፣ አልበሙን የሙሽራ አልጋ አስመስሎት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፋርማሲስቱ፣ ለማኅበሩ አዲስ የሆነ ልጅ እግር ሰው፣ ከፈረሰ ቤት ግድግዳ የወጣ ኖት በወረንጦ ይዞ መጣ። ክንድ የለበትም፤ ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ ናት፤ ሁለተኛው እትም። ይህ እትም የወጣው ፈራሚዎቹ ከተወሰዱ ከወራት በኋላ መሆኑን ከሱ በቀር በጠረጴዛው ዙሪያ የማያውቅ አልነበረም። ከፀሐይዋ ሥር ደግሞ የእቴቴ ፊርማ አለ።

ሁሉም ወደ ገዥው ማየት ፈልጎ ወደ ስኒው አየ። ምን እንዳመጣ ያላወቀው ፋርማሲስቱ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ደህና ነው ወይ እያለ ይጠይቃል። ገዥው በአጉሊ መነጽር አየው። ደህና ነው አለ። ሻዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ለሚስቱ ሲነግራት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። ከተወሰደች በኋላ ከፈረመች ኖራለች ማለት ነው፤ ከኖረች አግብታ ወልዳ ይሆናል፤ እንዲያውም አሁን የሆነ ቦታ፣ አለችና እዚያ ላይ ቆመች። ባልዋ «ይሆናል» አለ።

«ምን ዓይነት ፍጡር ነህ አንተ? ስለ እህትህ እኮ ነው የማወራው፤ ነገ ይዘንባል አላልኩህም።»

ከዚያ ወዲያ እሷው ወጣች፣ እሷው ጠየቀች። ከፈራሚዎቹ አንድ የተረፈ ሽማግሌ እንዳለ፣ ጎማ ከምትጠግን ሴት ልጁ ጋር እንደሚኖር የነገራት የማተሚያ ቤቱ የድሮ ጠራዥ ነው። ባልዋን የተተኮሰ ሸሚዝ አልብሳ፣ አልበሙን በፌስታል ጠቅልላ፣ አስታቅፋ ላከችው።

የሽማግሌው ክፍል ከጎማ ቤቱ በላይ ነው። ከታች ኮምፕረሰሩ በተነሳ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሽማግሌው ያን ጊዜ ወሬውን ያቆምና፣ ሲጠፋ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ሴት ልጁ ሻይ አቀረበችና፣ አባቷ የሚሰማው ደስ ሲለው ብቻ ስለሆነ ጮክ ይበሉ ብላ ወረደች። ገዥው የማን ወንድም እንደሆነ ተናገረ። ሽማግሌው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየና፣ አዎ፣ አፍንጫው የሷ ነው አለ።

ገዥው መንገድ ሙሉ ሲለማመደው የመጣውን ጥያቄ አወጣ። ፀሐይዋ ላይ ፊርማዋ አለ፤ ታዲያ ከዚያ ቀን በኋላ ኖራለች ወይ?

ሽማግሌው ኮምፕረሰሩ እስኪጠፋ ጠበቀ።

«አልኖረችም» አለ። «ያን ዕለት ከሄደው የተመለሰ የለም። እኔም የቀረሁት ጥርሴን አሞኝ ቤት ውዬ ነው።»

«ፊርማውስ፣ ጋሼ?»

«እሱ እኔ ነኝ።»

የቀረውን ያለ ኀፍረትም ያለ ኩራትም ተረከለት። ገበያ ኮሚቴ አያምንም፤ የለመደውን ፊርማ ግን ያምናል። ቸርቻሪዎቹ የማናውቀው ፊርማ ያለበት ኖት አንቀበልም አሉ። አዲሱ ኮሚቴ ደግሞ የድሮዎቹ ፈራሚዎች የት ገቡ የሚል ጥያቄ እንዲነሳ አልፈለገም። ስለዚህ የተረፈው እሱ በሁሉም ስም እንዲፈርም ታዘዘ፤ ጠዋት በአንዱ ሟች፣ ከሰዓት በሌላዋ። መጥረጊያውም ቢሆን ከዚያ በኋላ ሲታተም ከርሟል፤ ቀን አልተጻፈበትም።

ገዥው አልበሙን ከፌስታሉ አውጥቶ ገለጠለት። የሷ የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቀ። ሽማግሌው ጣቱን ምራቁ ውስጥ ነክሮ ገጽ በገጽ ሄደ።

«የእኔ። የእኔ። ይቺም። ይቺን ተመልከታት፣ ምን የመሰለች ናት። የእኔ።» የመጨረሻውን ገጽ ዘጋው።

«አንድም?»

«አንተ ልጅ፣ እህትህ እኮ ግራኝ ነበረች። ቀለሙ ሳይደርቅ እጇ እየተከተለ ይጠርገዋል። አለቃችን በየቀኑ ይጮኽባት ነበር። የሷ ሁሉ የተጨማለቀ ነው። ጥርት ያለ ካየህ እኔ ነኝ።»

እቴቴ ግራኝ መሆኗን ገዥው ያውቃል። ማንኪያ በግራዋ ይዛ ስትቆጣ አይቷል። ግራኝ ሲጽፍ ቀለም እንደሚጎትትም ያውቃል። ሁለቱ እውቀቶች ግን በአንድ ጭንቅላት ጎረቤት ሆነው ኖረው ሰላም ተባብለው አያውቁም። የተጨማለቀ መጥረጊያ ስንቴ በእጁ ገብቷል፤ ስንቴስ ሁለቱን በአንድ፣ ሦስቱን በአንድ አስረክቦ፣ ዛሬ ቀናኝ እያለ ቤቱ ገብቷል።

ሽማግሌው ለደግነት ብሎ፣ ከፈለገ አሁንም በስሟ ሊፈርምለት እንደሚችል ነገረው፤ እጁ አልረሳም። ገዥው እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበቃል አለና ደረጃውን ወረደ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልበሙን ሻይ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ጥርት ካለው የፈለጋችሁትን ውሰዱ፣ የእህቴን ፊርማ ከተጨማለቀው ስጡኝ አለ። ገዥው ጃጀ፣ ባንኩ ከሰረ ተባለ። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባቸው ሳቁ ቆመ፤ የሚሰጡት ግን አልነበራቸውም። ቆሻሻ ማን ያስቀምጣል? አንዱ ምድጃ አያይዞበታል። አንዱ ለልጅ ልጆቹ የዕቃ ዕቃ መጫወቻ ሰጥቷል። ሌላው በኬሚካል ሊያጸዳው ሞክሮ፣ ጭቅቅቱ ከነፊርማው ታጥቦ ሄዷል።

ፋርማሲስቱ ብቻ አንድ ነበረው። አዲስ ስለሆነ ከዚሁ ጠረጴዛ የጫኑበት ነው። ሳያንገራግር ከደረት ኪሱ አወጣና፣ «ይውሰዱት ጋሼ፤ እኔ እኮ ልጥለው ነበር» አለ። ገዥው ኖቱን ተቀብሎ አልበሙን ወደሱ ገፋው። ፋርማሲስቱ መልሶ ገፋው። ገዥው እዚያው ጥሎት ወጣ፤ ማንም ከኋላው አልጠራውም።

ማታ ኖቱን ከመብራቱ ሥር አደረጉት። ከፊርማው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው፣ የትንሽ ጣት ጎን ቀለሙን እየጎተተ ሄዷል። የቆዳዋ መስመር እንኳ በስሱ ታትሟል።

«ይቺ ናት?» አለች ሚስቱ።

«ናት።»

«ምን ተሰማህ?»

ጠበቀ። ከልቡ ነው የጠበቀው፤ አውቶቡስ ይመጣል እንደተባለ ሰው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ።

«ምንም» አለ።

ሚስቱ አልተቆጣችም። አያስቸኩልም ብላ እራት አቀረበች። ሳህኖቹን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ደረደረቻቸው፤ ቦታው ጠቧቸው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በሉ፤ መካከሉን ለወረቀቷ ተዉላት።