በጭብጨባ የቆመው ማሽን

ሥራ አስኪያጃችንን በሌለበት «ሪባን» እንለዋለን፤ ሪባን ከመቁረጥ በቀር ሌላ ነገር ሲሠራ ያየው ሰው የለማ። ስለ ሮኬታችን ሲያወራ የሰማ ሰው ሞተሩን በጥርሱ የጠረበው ይመስለዋል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ማለት ይህ ነው። እኔ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ከዚህ ፋብሪካ የሚወጣ ብረት ሁሉ በእኔ ፊርማ ያልፋል። የእሱን ወሬ ግን የሚቆጣጠር የለም።

እኛ «ጉሮሮ» የምንለውን፣ ነዳጁ የሚነድበትን የሞተሩን ክፍል፣ የሚያትመው ማሽን ነው። የላመ የብረት ዱቄት ይነሰነሳል፤ ጨረር ያቀልጠዋል፤ በላዩ ደግሞ ሌላ ዱቄት ይነሰነሳል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ንብርብር አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ማሽኑን የሚነካው የለም። ከቆመ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንብርብር ከሥሩ ካለው ጋር በደንብ አይዋሃድም። ይህን የጽዳት ሠራተኞቻችን እንኳን ያውቁታል።

ሪባን ግን በስድስተኛው ቀን አንድ ትልቅ እንግዳ ይዞ መጣ። እንግዳው ማሽኑን «በይፋ ማስጀመር» ነበረባቸው። የተጀመረ ነገር እንዴት ይጀመራል? መልሱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ይቆማላ።

የማሽኑ ኦፕሬተር የታናሽ እህቴ ባል ነው። «ጌታዬ፣ ከቆመ ይበላሻል» አለው።

«አንተ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ነገር ታካብዳለህ» አለ ሪባን ከረባቱን እያስተካከለ። «አቁም ብያለሁ።»

አምስቱ ደቂቃ በንግግር ብዛት ሁለት ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ እንግዳው አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጫኑ፤ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው እንዲህ ያለው ተረት ቶሎ ትዝ ይለዋል።

ጉሮሮው ታትሞ ሲያልቅ ለፍተሻ ውሃ ሞላንበትና ከግድግዳ ጀርባ ሆነን ግፊቱን ከፍ ማድረግ ጀመርን። ገና ግማሹ ሳይደርስ ጧ አለ። ዙሪያውን ተሰንጥቆ ለሁለት ተለያየ። የተለያየበትን ንብርብር ከማሽኑ መዝገብ ጋር ሳመሳክረው እንግዳው ቁልፉን ከተጫኑበት ደቂቃ ጋር ገጠመ።

ሪባን ቢሮዬ ድረስ መጣ። «ምክንያቱን የኦፕሬተር ስህተት ብለሽ ጻፊው» አለኝ። «ነገ ይሰናበታል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል።»

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

«ያስቆሙት እርስዎ ነዎት» አልኩት።

«ለእህትሽ ባል አዝነሽ ነው? ለመሆኑ አንቺ የት ነበርሽ? ተቆጣጣሪዋ አይደለሽም እንዴ?»

በሕይወቱ የተናገረው አንድ እውነት ይህ ሳይሆን አይቀርም። እውነት ከእሱ አፍ መስማቴ አናደደኝ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ኀፍረቱ ባሰብኝ። ስንቀው የኖርኩት ሰውና እኔ ያን ዕለት እኩል ነበርን።

እሱ ሲወጣ አማቼ ገባ። በሩ ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። «እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ እንዳትጎጂ» አለኝ። «እኔ ሌላ ሥራ አላጣም።» ሦስት ልጆች አሉት፤ እንደማያገኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሪፖርቱን ስጽፍ አመሸሁ። በመጀመሪያው ገጽ ማሽኑን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን እንዳስቆመው ከነስሙና ከነማዕረጉ አሰፈርኩ። ኦፕሬተሩ ማስጠንቀቁንም ጻፍኩ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ «የማገድ ሥልጣን እያለኝ ማሽኑ ሲቆም ቆሜ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ሪፖርት ወደ ፋብሪካው ቦርድ የሚሄደው ሥራ አስኪያጁ ሲፈርምበት ስለሆነ በማግስቱ ለሪባን ሰጠሁት። እንደ ልማዱ የሚፈርምበትን ቦታ ፍለጋ ከመጨረሻው ገጽ ጀመረ። «ጥፋቱ የእኔም ነው» የሚለውን ሲያይ ፊቱ በራ። የሚባረር ሰው እስከተገኘ ድረስ ማንነቱ አያስጨንቀውም።

«አየሽ፣ ጥፋትን ማመን እንዲህ ያስከብራል» አለና ብዕሩን አወጣ።

«የመጀመሪያውንም ገጽ ያንብቡት።»

«ስብሰባ አለኝ» ብሎ ፈረመ።

እሱንም እኔንም ከሥራ የሚያስወጣውን ወረቀት ይዤ ወደ ቦርዱ ቢሮ ደረጃውን ወጣሁ።