የበቅሎዋ ቁራኛ

በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ይህ ቁራኛ ይባላል፤ ፍርድ ሳይሰጥ ቋጠሮውን መፍታት ነውር ነበር። የልደታው አቶ ሀብተ ማርያም ሠላሳ ዓመት በጥብቅና ሲኖሩ፣ ይህን ነውር በዓይናቸው ፊት ማንም እንዲፈጽመው አልፈቀዱም። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን የሚያውቁት ችሎት ተዘጋ፤ እርሳቸውም ከደጃቸው ተቀምጠው ዝም ካሉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር።

በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው ትርንጎ እያለቀሰች መጣች። ባሏ በጦርነቱ ከሞተ በኋላ የሰው እህል ወደ ወፍጮ እያመላለሰች ልጆቿን የምታሳድግባት ዳማ በቅሎ፣ ትናንት አንድ ጣሊያናዊ መኮንን ረግጣ እግሩን ሰብራዋለች። የረገጠችውም መንገድ ልቀቂ ብሎ የተላጠ ጀርባዋን በአለንጋ ሲደጋግምባት ነው። አሁን ከልደታ ማርያም በታች ካለው ሜዳ ላይ በጥይት ልትገደል ነው።

«ምሕረት ብቻ ይለምኑልኝ፣ ጋሼ።»

«ምሕረት የሚለመነው ለጥፋተኛ ነው» አሉና በትራቸውን አነሡ።

ሲደርሱ ወታደሩ ጠመንጃውን አቀባብሎ ነበር።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ።

አስተርጓሚው ገረሱ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያደገበት ቃል ነውና። ሀብተ ማርያም የነጠላቸውን አንድ ጫፍ ከበቅሎዋ አንገት ላይ ቋጠሩ፤ ሌላውን ጫፍ፣ እግሩ ተጠግኖ ወንበር ላይ ለተቀመጠው መኮንን ዘረጉለት።

«ከሳሽ እርስዎ ነዎት፤ ይቆራኙ። መርገጧ ጥፋት ከሆነ መገረፏም በደል ነው። ጥፋትን የማታውቅ እንስሳ ናት ካሉም፣ ቅጣቱን ከየት አመጡት? አለንጋ የሚያመው ሥጋ ሁሉ አቤት የሚልበት ዳኛ ይገባዋል። እርሷ አፍ ስለሌላት እኔ አፍ ሆኜላት መጥቻለሁ።»

ገረሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ ለእርስዎና ለእኔ እንኳ እዚህ ዳኛ የለንም። ይህን ብተረጉም ሦስታችንንም አንድ ጉድጓድ ነው የሚከቱን፤ ያውም በቅሎዋን ከላይ።»

«ተርጉም፣ ልጄ።»

ተረጎመ። መኮንኑ ረጅም ሳቅ ሳቀ፤ ከዚያም የተዘረጋውን ጫፍ ከሽማግሌው የእጅ አንጓ ላይ እንዲያስሩት አዘዘ።

ገረሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ። «ጠበቃዋ ይቆራኛት ይላል። እስከ አሥር ስቆጥር ካልፈቱት በሁለታችሁም ላይ ይተኮሳል።»

«ይፍቱት፣ ጋሼ!» አለች ትርንጎ። «በቅሎ እኮ ናት! ይፍቱት!»

በቅሎዋ አፍንጫዋን ከትከሻቸው ላይ አሳርፋ ነበር፤ ትንፋሿ በአንገታቸው ላይ ይሞቃል። ገረሱ ስድስት ሲል የሀብተ ማርያም ጣቶች ወደ ቋጠሮው ሄዱ። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሳቸው ፈቱት።

አንድ ጥይት ብቻ ተተኮሰ።

ትርንጎ ከዚያ በኋላ እህሉን በጀርባዋ ታመላልስ ጀመር። ጣሊያን ወጥቶ ፍርድ ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ አቶ ሀብተ ማርያም ለዳኝነት ተጠሩ። አልሄዱም።