መቶ ክብ ብርሃን

አርባ አንደኛዋም ባዶ ነበረች።

በዛብህ በቀኝ ዓይኑ ብቻ እያየ የማይክሮስኮፑን መዘውር በአውራ ጣቱ በስሱ ገፋ። ክቧ ብርሃን ወደ ጎን ተንሸራተተች። የዓሣዋ ልሃጭ እንደ ጉም ተዘርግቶ፣ በመካከሉ የተላጡ የቆዳ ሕዋሳት እንደ ረገፈ ቅጠል ተበትነው ታዩት። ሕይወት ያለው ነገር ግን አልነበረም። አርባ ሁለት፣ አለ በልቡ። የላቦራቶሪ ሰዎች ይህችን ክብ «ፊልድ» ይሏታል። በዛብህ መቶ ፊልድ ሳያይ «አልታየም» የሚል ቃል በወረቀት ላይ እንደማያሰፍር ዲላ ውስጥ የማያውቅ የለም። አምና ሥራ እስኪያቆም ድረስ፣ ውጤት ሲጠብቁ የተሰላቹ በሽተኞች «ጋሽ መቶ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ስለዚህ አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ከመስኮቱ ሥር አስቀምጦ፣ ከግርጌው በተገጠመችው ትንሽ መስተዋት የቀትሩን ፀሐይ ወደ ላይ እየመለሰ ነበር የሚሠራው። ከዋናው መንገድ የሚኒባስ ረዳቶች የወናጎና የይርጋጨፌ ተሳፋሪ ሲጣሩ ይሰማል። የፔንሲዮኑ ባለቤት ተናኘወርቅ ሳሎኑ ጥግ ካለው የመስታወት ገንዳ አጠገብ ቆማ፣ ውኃ በጣሳ እየጨለፈች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሳለች። የአየር መንፊያው ሞተር ከመብራቱ ጋር ቆሟልና ዓሣዋ የምትተነፍሰው በዚህች ሴት ክንድ ነበር።

ዓሣዋ ጣት አታህልም። ብርቱካንማ ገላዋን በሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀች፣ ስሟ «ጅቡቲ» የተባለ፣ የጨው ውኃ ፍጥረት ናት። ዛሬ ግን መቀነቶቿ ከገላዋ አይለዩም፤ በብርድ ጠዋት መስታወት ላይ እንደሚያርፍ ትንፋሽ ያለ ነጣ ያለ ልሃጭ ከራስ እስከ ጭራ ሸፍኗታል። ጥግ ይዛ፣ ስንጥቦቿን በፍጥነት እየከፈተችና እየዘጋች ትዋልላለች።

ያመጣት የተናኘወርቅ ባል ወልደዮሐንስ ነበር። የአገሩን ቡና በተሳቢ ጭኖ ወደብ ያደርስ የነበረ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይህችን ዓሣ በጀሪካን የባሕር ውኃ አድርጎ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ፣ ከጋቢናው መቀመጫ ጎን አስቀምጦ መጣ። ሦስት ዓመት ቆይቶ እሱ ሲሞት ዓሣዋ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የመስመሩ ባልደረቦቹ በየተራ፣ በየወሩ፣ ሁለት ጀሪካን የባሕር ውኃ ከፔንሲዮኑ በር ላይ ያወርዳሉ። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፤ አንድ ወር ግን ተጓድሎ አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ተናኘወርቅ ዓሣዋ ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ላይ ካለው የራሷ ምስል ጋር ስትፋጠጥ እንደምትውል ነብዩ ለተባለው ሹፌር ነገረችው። ነብዩ በሚቀጥለው ጉዞው አንዲት ጓደኛ ይዞላት መጣ። አዲሲቱ በአራተኛው ቀን ሞተች፤ ተናኘወርቅ ጓሮ፣ እንሰት ሥር ቀበረቻት። ከዚያ ጅቡቲ ታመመች። የብቸኝነቷ ማስታገሻ ሆኖ የመጣው ነገር ደዌውን ተሸክሞ እንደመጣ አሁን ለሁሉም ግልጽ ነው። ያልታወቀው የደዌው ማንነት ብቻ ነበር።

ሳምሶን ግን አውቄዋለሁ ባይ ነው። ፔንሲዮኑ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ የመዳብ ጨው የያዘ ብልቃጥ አስቀምጦ፣ መጠኑን አስልቶ ጨርሷል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ክሊር ነው» አለ። «ዋይት ስፖት ነው። በመዳብ ይጠፋል።»

በዛብህ ዓይኑን አላነሣም። ነጭ ነጥብ ከሆነ መዳብ ትክክለኛ መድኃኒት መሆኑን አልካደም። ነገር ግን ነጥብ አላየም፤ ያየው ልሃጭ ነው። መዳብ የማይነካው ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ ከሆነ መርዙ የሚያዳክመው ዓሣዋን ብቻ ይሆናል፤ እርሷ ደግሞ ከአንድ ሕክምና በላይ የምትችልበት አቅም አልቀራትም። ይህንን በአጭሩ አስረድቶ ወደ ቆጠራው ተመለሰ። ሳምሶን ጋሽ መቶ ለዓሣም ወረፋ ማስያዝ ጀመረ ብሎ ሲቀልድ፣ ተናኘወርቅ ፊት ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ።

ጠዋት ራሷ ናት ቤቱ ድረስ የመጣችው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በሩቁ ከመሳለም ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም ነበር። ከአጥሩ በር ላይ ቆማ የዓሣዋን ነገር ከነገረችው በኋላ፣ «ዓይንዎን ቶሎ አያነሡም ይላሉ» አለችው። እሱም ማይክሮስኮፑን ከነሣጥኑ አንሥቶ ተከተላት።

ስልሳ ሰባተኛዋ ላይ ብርሃኑ ሞተ። ከኮረብታው ወገን የመጣ ደመና ፀሐይዋን ጋርዷት፣ ክቧ እንደ ደፈረሰ ኩሬ ጠቆረች። ሳምሶን የስልኩን መብራት ከሥር አበራለት፤ ያ ደግሞ ቅርጹን ሁሉ አንጥቶ ዋጠው። ስልኩን አጥፍቶ ወደ ገንዳው ተመለከተ። ዓሣዋ ወደ አንድ ጎኗ ማዘንበል ጀምራለች።

«ስልሳ ምናምን ደርሰዋል፣ ጋሼ። ይበቃል። ዓሣዋ ደመናውን አትጠብቅም።»

«ስልሳ ሰባት» አለ በዛብህ። «እኔ እጠብቃለሁ።»

ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበረ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ማብቂያ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዛሬ በተዘጋ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ በመብራት በሚሠራ ማይክሮስኮፕ የአንድ ሰው ደም እያየ ነበር። ሰውየው ከመስመር ትኩሳት ይዞት የተመለሰ ሹፌር ነው። ሃያ ስምንተኛዋ ፊልድ ላይ መብራት ጠፋ። ጥቂት ጠበቀ። ደጅ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ዝናቡም መጥቷል። «የወባ ተሕዋስ አልታየም» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ሰውየው የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ሄደ፤ በአራተኛው ቀን ተቀበረ። በዛብህ ከቀብር እንደተመለሰ የሰውየው ደም የተቀባበትን ያንኑ ስስ መስታወት፣ ስላይዱን፣ አውጥቶ በዚህች አሮጌ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን አየው። ሠላሳ አራተኛዋ ላይ፣ በቀዩ ሕዋስ ውስጥ፣ እንደ ቀለበት የተቀመጠ ተሕዋስ ጠበቀው። በስድስት ፊልድ ተላልፈው ነበር። ለማንም አልተናገረም። በወረቀት የተጠቀለለው ስላይድ ዛሬም በማይክሮስኮፑ ሣጥን ጥግ አለ፤ «ወልደዮሐንስ» ተብሎ ተጽፎበታል።

የጣሳዋ ውኃ ይወርዳል፤ ይጨለፋል፤ ይወርዳል። ደመናው ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ሳምሶን ሁለት ጊዜ ብልቃጡን አንሥቶ ሁለት ጊዜ አስቀመጠ። ተናኘወርቅ ግን አንድም ጊዜ ይፍጠኑ አላለችም።

ብርሃኑ ሲመለስ በዛብህ መስተዋቷን አቃንቶ ከስልሳ ስምንት ቀጠለ። ሰባ። ሰማንያ። ሰማንያ ስድስተኛዋ ላይ የክቧ ዳር ተነቃነቀ። የባቄላ ፍሬ የመሰለ፣ ዙሪያውን በረቂቅ ፀጉር የታጠረ ፍጥረት፣ እየተሽከረከረ ከሕዋሳቱ መካከል ብቅ አለ። ለአፍታ ቆመ፤ እንደሚያሸት ነገር ጎኑን ከአንዱ ሕዋስ ጋር አነካክቶ ቀዘፈ። በዛብህ ወንበሩን ለቀቀና ለሳምሶን ቦታ ሰጠው። ሳምሶን አጎንብሶ ረዘም ላለ ጊዜ አየ።

«ዋይት ስፖት አይደለም» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያም ብልቃጡን ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ ከተተ። «ልገድላት ነበር።»

በዛብህ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ዓይኑን እንደገና ሲደቅን ወጣቱ ግራ ተጋባ፤ የሚፈለገው ተገኝቶ የለም ወይ፣ አሁን ደግሞ ምን ቀረ፣ አለው።

«አሥራ አራት» አለ በዛብህ።

በአሥራ አራቱም ውስጥ ሌሎች ሦስት አገኘ።

ለዚህኛው ተሕዋስ የሚሆነው ፎርማሊን ነበር። በዛብህ ከቦርሳው ቡናማ ጠርሙስ አወጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሕያዋን የተቆረጠውን ሥጋ እንዳይበሰብስ ያቆየበት ፈሳሽ ነው፤ ሕይወት ላለው ፍጥረት ሲያዘጋጀው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሳምሶን ስልኩ ላይ መጠኑን አመሳከረ። ሃያ ሊትር የባሕር ውኃ በሳፋ ተለካ፤ አምስት ሚሊ ሊትር በመርፌ ተጨመረ፤ የሚያቃጥለው ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ዓሣዋ አርባ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አንዲትም ሳትጨመር፣ በዚህ ውስጥ ትቆያለች። ፎርማሊን ከውኃው ላይ አየር ስለሚቀንስ ጣሳው ለቅጽበት መቆም የለበትም። ከዚያ በኋላ በሌላ ንጹሕ ሳፋ ትሰነብታለች፤ ገንዳው ተሕዋሱ የሚጠጋበት ገላ አጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ስድስት ሳምንት ባዶውን ይቆያል። ሳምሶን በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ከትምህርት ክፍሉ ላምጣ ብሎ ባጃጅ ፍለጋ ወጣ።

ሁለቱ ቀሩ። በዛብህ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ተናኘወርቅ ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጣሳውን ታነሣለች፣ ታወርዳለች። በአሥረኛው ደቂቃ ዓሣዋ ልትገለበጥ ደረሰችና ተመልሳ ቀጥ አለች። በሃያኛው ከገላዋ ላይ ቀጭን ነጭ ሽፋን እየተላጠ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ከአንደኛው መቀነት ሥር ጥፍር የምታክል ብርቱካን ቀለም ተገለጠች።

«ልጃችን ሚስራ ትንሽ ሳለች ወባ ይዟት አምጥተናት ነበር» አለች ተናኘወርቅ፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሣ። «ወንበሩ ላይ ሳንቀመጥ ነው ውጤቱን የሰጡን። ያኔ ጋሽ መቶ የሚልዎት ሰው አልነበረም።»

ውኃው ወረደ፤ ተጨለፈ፤ ወረደ።

«መቶ መቁጠር የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?»

ጥያቄው እንደ ሌላው ንግግሯ ሁሉ ዝግ ያለ ነበር። የዕድሜ ነገር ነው፣ ዓይኔ ሲደክም ጥንቃቄዬ ጨመረ፣ ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሚጠይቀው ሁሉ የሰጠው መልስ ይኸው ነው። ሰዓቱን አየ። ሠላሳ አራት ደቂቃ አልፏል። ዘወር ብሎ የማይክሮስኮፑን ሣጥን አየ። እሷም ሣጥኑን እያየች ነበር።

«ከወልደዮሐንስ ወዲህ» አለ።

ጣሳው አየር ላይ ቆመ። የውኃው ገጽ ረጋ፤ አረፋዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሳፋው ውስጥ የዓሣዋ ስንጥቦች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ጣሳው ስንት ሰከንድ እንደቆመ፣ ሰዓቱ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ በዛብህ አልቆጠረም።

«ስንት ቀራት?»

«አሥራ አንድ ደቂቃ።»

ተናኘወርቅ ከበርጩማው ተነሣች። ጣሳውን ወደ እሱ ዘረጋች፤ ሲቀበላት እጆቻቸው አልተነካኩም። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ በወንበሩ ተቀመጠችና ሰዓቱን በሁለት ጣቷ ወደ ራሷ ጎተተችው።

«አሁን እኔ ልቁጠር» አለች።

በዛብህ በሳፋው አጠገብ ተንበረከከ። ጣሳውን ሞልቶ፣ እሷ ስታደርግ እንዳየው ከፍ አድርጎ፣ ውኃውን በቀጭኑ ማውረድ ጀመረ።