ኮልማን የደበቀው ዳርቻ

«አንድ አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ አገኘሁት እኮ!» አለ ጎረቤቱ ባርትሊ፣ ሳንድዊቹን እንደያዘ። «ያሳሳታቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ይኸው፣ እዚህ የተጋደመው ሰውዬ! መንገድ ሠሪዎቹ ‹ወደ ባሕር ዳርቻ› የሚል ምልክት ይተክላሉ፣ ኮልማን ወደ ረግረጉ ያዞረዋል። ይተክላሉ፣ ያዞራል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በኮኔማራ አገር ያልተሳቀበት ለቅሶ ለሟቹ ውርደት ነው። ኮልማን ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ፣ መቁጠሪያው ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ክፍት የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ከራስጌው ያለችው የሚስት ወንበር ግን ከትናንት ጀምሮ ባዶ ናት። ሚስቱ ባርብራ ወጥ ቤት ቆማ ዳቦውን እንደ ጠላት ትቆራርጠዋለች።

«አክስቴ፣ ኧረ ቁጭ በይለት። ሰው ምን ይላል?» አለቻት የእህቷ ልጅ ኡና።

«ሰው ያሻውን ይበል! እሱ ስልሳ ዓመት ዝም ብሎኝ፣ እኔ ሁለት ቀን ባኮርፈው ምን አለበት?»

ኡና ነገሩ ገባት። በቤተሰቡ ያላወቀ አልነበረም። ባርብራ ገና ባገባችበት ዓመት የወለደቻት ሴት ልጅ ሳትተነፍስ ቀረች። ያልተጠመቀች ናትና ቄሱ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ከለከሉ። እንዲህ ያለውን ሕፃን ያን ጊዜ አባት ነበር ማታ ማታ ደብቆ የሚወስደው፤ እናት አትከተልም፣ አይነገራትም። ኮልማን የእሑድ ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለላት፣ ሳጥን ውስጥ አስተኛት፣ ወጣ። ሲመለስ ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ርሶ ነበር።

«የት አደረግካት?»

«ጥሩ ቦታ ናት።»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ አልመጣም። በየዓመቱ በዚያች ቀን ጠየቀችው። ዘመን ተለውጦ፣ አዲሶቹ ቄሶች እነዚያን መቃብሮች እየዞሩ ሲባርኩም ጠየቀችው። «ጥሩ ቦታ ናት» ይልና ቆቡን አንሥቶ ይወጣል። ይህንኑ ይዞ ሞተ። ንዴቷ እዚህ ላይ ነበር፤ እንባዋን ያደረቀውም ይኸው ንዴት ነው።

ከሰዓት በኋላ የኮልማን ታናሽ ወንድም ፌስቲ መጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ። አምና መስኩ ላይ ለእንግዶች የሚከራዩ ተጎታች ቤቶች ደርድሮ፣ ምልክቱንም ዳግም እንዳይዞር በሲሚንቶ ከተከለ ወዲህ ኮልማን አላናገረውም። አገሩ «ሁለት ሽማግሌ ለአሸዋ ተጣላ» ብሎ ሲያፌዝ፣ ባርብራም አብራ አፊዛለች።

«ግባ እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። «የለቅሶ ቤት በር ለማንም አይዘጋም፤ ላንተም ቢሆን!»

ፌስቲ ገብቶ ተንበረከከ፣ ጸለየ፣ ሻይ ተሰጠው። ኡና ጨዋታ ለማምጣት ስልኳን አወጣች። «አጎቴ ፌስቲ፣ እንግዶችህ የለጠፉትን ፎቶ አየኸው? ከአሸዋው ጉብታ ጀርባ ያሉትን ነጫጭ ድንጋዮች ደራርበው ግንብ በግንብ አድርገውታል። አያምርም?»

ፌስቲ አየና ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋው።

«ምን ሆንክ?» አለች ባርብራ።

«ምንም።»

«ፌስቲ! ወንድምህ እዚህ ተጋድሞ አትዋሸኝ።»

«ያን ማታ ፋኖስ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ፣ ባርብራ» አለ ወለሉን እያየ። «ልጅሽ እዚያ ናት። ብቻዋን አይደለችም። የመንደሩ ሕፃናት ሁሉ እዚያ ናቸው፤ በየድንጋዩ ሥር አንድ አንድ። ቄሱ አስማሉን፤ እናትየዋ ካወቀች እዚያው ተደፍታ ትቀራለች ብለው። በኋላማ ከየት ብሎ ይጀምርልሽ? አፍሮ ቀረ።»

ባርትሊ ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ከአሮጊቶቹ አንዷ አማተበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እያወቅህ ነው ሲሚንቶ ያፈሰስከው?» አለችው ባርብራ።

«ሰዎቹ ውሃው ጋ ይቀራሉ፣ ጉብታውን አይሻገሩም ብዬ…»

«አፈር ብላ!» ወደ ሳጥኑ ዞረች። «አንተስ? ለእናቷ ሳትነግር፣ ምልክት ስታዞር ኖርክ? ሰው ሲስቅብህ እኔም ስቄብሃለሁ እኮ! አንተ ደረቅ! አንተ ግትር!» የሳጥኑን ጠርዝ በመዳፏ መታችው። ማንም አልያዛትም።

«ተነሥ፣ ውሰደኝ» አለችው ፌስቲን።

«አክስቴ፣ ለቅሶ ጥለሽ…»

«ይጠብቀኝ። እኔ ጠብቄዋለሁ።»

የጠዋቱ ዝናብ አባርቶ ነበር። ውሃው ዳር ባለቀለም ፎጣዎች ተነጥፈዋል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ። ከጉብታው ጀርባ ግን አንዲት ወጣት ግንቡ ጫፍ ላይ ድንጋይ ልታስቀምጥ ተንጠራርታለች፤ ጓደኛዋ ፎቶ ሊያነሣት ስልኩን ደግኗል።

«እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ?» አለች ልጅቷ በፈገግታ።

«የሕፃን መቃብር ነው የያዝሽው። መሬት አስቀምጪው።»

ልጅቷ ቀላች። በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችውና ጓደኛዋን ጎትታ ሄደች።

«የቷ ናት?» አለች ባርብራ።

ፌስቲ ወዲያ ወዲህ አለ። «ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ትይዩ… እዚህ ነበር። ወይ እዚያ። ድንጋዩ በቦታው ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ አገኛት ነበር።» ዓይኑን በእጅጌው አበሰ።

«እንዳታለቅስብኝ! ያንተ ተራ አይደለም። አፍርስና ሁሉንም መልስ፣ አንድ በአንድ። እያንዳንዱ እናት አለው።»

ፌስቲ በለቅሶ ሱፉ ተንበርክኮ ግንቡን ያፈርስ ጀመር። ባርብራ እያቃሰተች እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። አንድ እጇን «እዚህ» ያለው ቦታ፣ አንዱን «እዚያ» ያለው ቦታ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በሁለቱም መዳፎቿ መሬቱን ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ እያደረገች መታ መታ ታደርግ ጀመር።

«ቀስ በል!» ብላ ፌስቲ ላይ ጮኸችበት። «ድንጋዩን አታንኳኳ!»

እጆቿ ግን አሸዋውን መታ መታ ማድረጋቸውን አላቆሙም።