አናጨበጭብም ያሉት የፊልም ሠራተኞች

በገና ዋዜማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሸሚዝ ፋብሪካው ምሳ ቤት ግድግዳ ላይ ሲታይ በነበረው ፊልም ውስጥ ያሉት ሠራተኞች አናጨበጭብም አሉ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ የሆነ የድሮ ፊልም ነው። አንድ ጨካኝ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት በገና ዕለት ልቡ ይራራል። ሠራተኞቹን በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል፣ እረፍትም ይሰጣቸዋል። እነሱም ቆመው ያጨበጭቡለታል። የሸሚዝ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ዳምጠው ይህን ፊልም ለሰባት ዓመት በየዋዜማው ለሠራተኞቻቸው አሳይተዋል። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ "በሉ፣ ነገ በአንድ ሰዓት ማሽን ላይ እንገናኝ" ይላሉ።

እታፈራሁ ኮሌታ ሰፊ ናት። አባቷ ከጥቅምት ጀምሮ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ተኝተዋል፤ ሐኪሙም ለጥምቀት መድረሳቸውን እንጃ ብሏል። ያን ዕለት ጠዋት የአንድ ቀን ፈቃድ ስትጠይቅ አቶ ዳምጠው "መጀመሪያ ፊልሙን እዪ" ብለዋት ነበር።

አሁን በፊልሙ ውስጥ ያለው የጫማ ፋብሪካ ባለቤት እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ማንም አላጨበጨበለትም። አንዲት ሽርጥ የታጠቀች ሴት ከጠረጴዛው ተነሥታ ወደ ምሳ ቤቱ ተመለከተች። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉሙ እንደ ወትሮው ከእግሯ ሥር በአማርኛ ተጻፈ።

"እህቴ፣ ነገ እረፍት ናችሁ?"

እታፈራሁ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። የተጠየቀችው እሷ ነበረች።

"አይደለንም" አለች።

"አምናስ?"

"አምናም ገብተናል።"

ሴትዮዋ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። ሁሉም ሽርጣቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉ፣ ካፖርታቸውን ደርበው በበሩ ወጡ። ባለቤቱ ብቻውን ቀረ። የሚያጨበጭብለት ስለሌለ ፊልሙ ሊያልቅ አልቻለም። ስለዚህ ይቅርታውን እንደ አዲስ ጀመረ።

አቶ ዳምጠው ተቆጡ። "የኮሌታ ክፍል፣ ተነሡ። ገብታችሁ አጨብጭቡና ይጨረስ" አሉ።

ከክፍሉ ስድስት ሠራተኞች የተነሣችው እታፈራሁ ብቻ ናት። "ፈቃዴስ?" አለች።

"ካጨበጨብሽ በኋላ እናየዋለን።"

ወደ ግድግዳው ገባች። ውስጡ ይበርዳል። እጆቿን ስታያቸው አመድ መስለዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥብስ ከካርቶን የተሠራ ነው። ባለቤቱ ከቅርብ ሲታይ ፊቱን ዱቄት ተቀብቷል፤ ዓይኑም ደረቅ ነው። ይቅርታውን ጨረሰና ጠበቃት።

"አጨብጭቢ እንጂ" አሉ አቶ ዳምጠው ከውጭ።

እታፈራሁ እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። "ፊልሙን የሚወዱት እርስዎ ነዎት" አለች። የተናገረችው ከእግሯ ሥር ሲጻፍ አየችው። "እርስዎ ያጨብጭቡለት።"

በገባችበት ተመልሳ ወጣች።

"ተባረሻል" አሏት።

"እሺ" አለች።

አቶ ዳምጠው ኮታቸውን ቆልፈው ራሳቸው ገቡ። አጨበጨቡ። ባለቤቱ እጅ ነሣቸውና ይቅርታውን ደገመው። እንደገና አጨበጨቡ። በሦስተኛው ዞር ብለው የገቡበትን ፈለጉ፤ ከኋላቸው የነበረው አበባ ያለበት ወረቀት የተለጠፈበት ድፍን ግድግዳ ነው። የኮሌታ ክፍሉ አለቃ ብዙአየሁ የማሳያውን ሶኬት ነቀለች። ብርሃኑ ግን አልጠፋም። ሠራተኞቹ ጥቂት ጠበቁና ወደየቤታቸው ሄዱ፤ በበነጋው የገባ የለም።

እታፈራሁ ገናን አባቷ አልጋ አጠገብ ዋለች። ከእጇ ሁለት ጉርሻ በሉ። ስሟንም ሳይሳሳቱ ጠሯት።

በማግስቱ ዕቃዋን ልትወስድ ፋብሪካው ስትደርስ ፊልሙ አላቋረጠም። አቶ ዳምጠው ያጨበጭባሉ፤ መዳፎቻቸው አብጠዋል። በፊልሙ ውስጥ ካለው መስኮት ውጭ በረዶ ይጥላል፤ የፊልሙ ሠራተኞች በረዶው ውስጥ ተደርድረው በመስታወቱ ያዩዋቸዋል። አቶ ዳምጠው እታፈራሁን ሲያዩ አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ከእግራቸው ሥር ግን ምንም አልተጻፈም።

"አይበቃቸውም?" ስትል እታፈራሁ ያቺን ባለ ሽርጥ ሴትዮ ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ ከመስታወቱ ማዶ መለሰች።

"ገና ነው" ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ የመስኮቱን መዝጊያ ከውጭ ሳበችው፤ ግድግዳው ጨለመ። እታፈራሁ መዳፏን የግድግዳው ኖራ ላይ አሳረፈች። በረዶ ሆኗል። ከውስጥ በኩል ጭብጨባው፣ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም፣ ይመታ ነበር።