ከስብ በታች ያለ መንጋጋ

እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። የሚነዳ በሬ አንዴ ካየሁ ከስቡ ሥር ያለውን አጥንት አውቀዋለሁ፤ አዘዞ ውስጥ ይህን የማያውቅልኝ የለም። ሰው በስብ ተሸሽጎ አታለለኝ ስል የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ግን ፊቴ ቆሞ አይሳቅ።

ወንድሜ የሻው የተገደለው ከአይከል ወዲያ፣ ገዛ ማሳችን ውስጥ ነው። ጠቡ በመስኖ ውኃ ተራ ነበር። የጎረቤት ደብር ሰው ዋሴ በምሳር ጭንቅላቱን አለው። እኔ ከቦዩ ማዶ ነበርኩ። ስደርስ የሻው አፉን ከፍቶ ውኃው ውስጥ ተዘርግቷል፤ ውኃው ቀልቶ ወደ ጎመናችን ይወርዳል። ገዳዩ አንዴ ዞር ብሎ አየኝ። እንጨት የመሰለ ከሲታ ነበር፤ ግራ መንጋጋው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በልጅነቱ አህያ ረግጣው ነው ይባላል። ከዚያ ሮጠ። ያን መንጋጋ እንደ ዳዊት ሸመደድኩት።

ሽማግሌዎች ለእርቅ መጡ። እናቴ አመተ ሥላሴ፣ "የልጄን ደም በብር ለውጬ ምን ልበላበት ነው?" ብላ ከደጅ መለሰቻቸው። ፀጉሯን ተላጨች፤ ደሙ ሳይመለስም አላሳድግም ብላ ማለች። በየለቅሶው እኔ ካለሁ አልቃሾቹን አስቁማ ራሷ ትገጥምብኝ ነበር፦

እንዳልካቸው አለ፣ ሥጋ ይመዝናል፤
የወንድሙ ደም ግን ደጅ ላይ ይጮኻል።

ዋሴ ጎንደር ታየ ስለተባለ ጎንደር ገባሁ። አዘዞ ላይ ሥጋ እየቆረጥኩ ፈልጌ አጣሁት። በሽታው ግን እኔን ፈልጎ አላጣኝም። ሐኪሞች ከሞት አፋፍ መለሱኝና መድኃኒት ጀመርኩ።

መድኃኒት የምንቀበልበት ክፍል ደጃፍ ረጅም አግዳሚ አለ። ማንም ያልደነገገው ሕግም አለው፤ ከየት መጣህ አይባልም፣ ውጭ ብንገናኝ አንተዋወቅም። ኃይለ ጊዮርጊስን ያወቅሁት እዚያ ነው። እህል ገበያ ሚዛን የሚይዝ፣ አንገት አልባ ወፍራም፣ ፊቱ ሁልጊዜ አሁን ከእንቅልፉ የነቃ የሚመስል ሰው ነበር። እኔም ብሆን ከእሱ አልሻልም። አዲሱ ክኒን ከመጣ ወዲህ ሆዴ ሽርጤን ገፍቶ ነበር። ሲስተር ፅዮን አንድ ቀን ሁለታችንን አንድ ላይ ጠራችን።

"መድኃኒቱ ቫይረሱን በደንብ ይዞላችኋል" አለች። "አንዳንድ ሰው ላይ ግን ክብደት ይጨምራል፣ ስኳርም ያመጣል። እናንተ ላይ ሁለቱም መጥቷል። መድኃኒቱን ማቋረጥ የሚባል ነገር የለም! በእግራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ጣፋጭ ትተዋላችሁ፤ ይችን የስኳር ክኒን ትጨምራላችሁ። ሳትበሉ ከዋጣችኋት ግን ስኳራችሁ ወርዶ ትወድቃላችሁ፤ ከኪሳችሁ ከረሜላ አይጥፋ።"

"አይይ! ከሞት አምልጠን በስብ ልንሞት!" አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። ከስንት ዘመን በኋላ ከልቤ ሳቅሁ። ወዳጅነታችን ከዚያ ሳቅ ጀመረ።

ጎህ ሲቀድ ከአዘዞ ተነስተን የጠዳን መንገድ እንይዛለን። አንድ የባጃጅ ሾፌር "በሬዎቹ መጡ!" ቢለን ጎትቼ አውርጄ አፍንጫውን በቡጢ አደማሁት፤ የገላገለው ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። እሱ ሲደክመውና ሲቀመጥ ለውሻ በያዝኩት ዱላ ቁርጭምጭሚቱን እመታው ነበር። "ተነስ! ስብህን አራግፍ!" እያልኩ። እየሄድን ስለ ዋሴ አወራዋለሁ።

"ሳገኘው አልተኩስበትም" እለዋለሁ። "እንደ በሬ ጠልፌ እጥለውና ጉልበቴን ደረቱ ላይ አድርጌ፣ መጀመሪያ ያን መንጋጋ ነው የምነቅለው።"

"ከዚያስ?" ይላል።

"ከዚያማ ቢላዋዬ ያውቃል።"

ይራመዳል። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ሕመሜን የሚያውቅ፣ እንጀራ ሳበዛ የሚቆጣኝ እሱ ብቻ ነበር። እወደው ነበር። ምን ይደበቃል!

ሁዳዴ ገባና ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። እስኪረፍድ መሄድ ጀመርን። እሱ በጾሙም በመንገዱም ከሳ። ኮቱ ሰፋው፤ አንገት አበቀለ። እኔም በሥራዬ ኮራሁ። አንድ ጠዋት ከጠዳ ስንመለስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ላቡን ሲጠርግ ፀሐይዋ በጎኑ መታችው። ግራ መንጋጋው ወደ ውስጥ ገብቷል።

ቁልቁል የሚወርደው ቀይ ውኃ ዓይኔ ላይ መጣ።

"ዋሴ!" አልኩ።

"አቤት" አለኝ።

ኃይለ ጊዮርጊስ የክርስትና ስሙ ኖሯል። ዱላዬን አነሳሁ። በመጀመሪያው ምት ክንዱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። በሁለተኛው ከድንጋዩ ላይ ወደቀ። በእጁ አልመከተም፤ ይህ ነው ያሳበደኝ። ጎኑን በእግሬ እየመታሁ፣ "ታውቀኝ ነበር?" አልኩት።

"አግዳሚው ላይ... ስምህ ከነአባትህ የተጠራ ዕለት።"

"ታዲያ ምነው አልሸሸህ? ምነው ክሳ ስልህ ከሳህ?"

"ሽሽት ሰለቸኝ" አለ፤ ደም ተፋ። "ስንት ዘመን ኋላዬን እየዞርኩ እያየሁ ኖርኩ። ካንተ ጋር ስሄድ ብቻ ነው ዞሬ የማላይ። የሚመጣብኝ ሰው ከጎኔ ነዋ።"

አፉን በጫማዬ ረገጥኩት። ጥርሱ ወለቀ። ለሌላ ምት ዱላዬን ሳነሳ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሸሚዙ በላብ ታጠበ፤ ዓይኑ እኔን ማየት ተወ። ምላሱ እየተሳሰረ፣ "ተራዬ ነው... ውኃው ተራዬ ነው..." ይላል። ገና ቦዩ ዳር ቆሞ ከወንድሜ ጋር ይጣላ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከዚያ አልተነሳም ማለት ነው።

ይህ የዱላ እንዳልሆነ ገባኝ። ክኒኗን ውጦ ጾሙን ይዞ ወጥቷል። ከረሜላው ኪሴ ውስጥ ነው። ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር። ቆሜ አየሁት፤ ልቤም "ተወው" አለኝ። የእናቴ ፀጉር፣ የየሻው ደም፣ የእኔ ስም፣ ሁሉም ዝም በማለት ብቻ ይመለስ ነበር። አረፋ ደፈቀ። ያኔ ቱግ አልኩ። በማን ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እንዲህ አትሞትም፣ አንተ ውሻ!" ብዬ ደረቱ ላይ ወጣሁ። ልነቅለው የዛትኩበትን መንጋጋ በሁለት እጄ ፈለቀቅሁት። ከረሜላውን በጥርሴ አድቅቄ ከነደሙ ድዱ ላይ አሸሁት። ጣቴን ነከሰኝ፤ በጥፊ አልኩት፤ ደግሞ ጨመርኩ። "ዋጥ! ዋጥ እንጂ!" እያልኩ አለቅስ ነበር። ቆይቶ ዓይኑ ተመለሰ።

"ምነው አዳንከኝ?" አለ።

"አፍህን ዝጋ!" አልኩት። ክንዱን በነጠላዬ አሰርኩለት።

በዚያው ሰሞን እናቴ የየሻውን ልጅ ቻላቸውን ልትልክብኝ ተሰናድታ ነበር። አድጓል፤ ሽጉጥ ገዝቷል። "አንተ ሴት ሁነህ ቀርተሃል፤ ልጁ ይፈልገው" አለችኝ በስልክ።

"መምጣት አያሻውም። ገደልኩት" አልኳት። "ሬሳውን ገደል ከተትኩት።"

እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ደረሰ።

ቻላቸው ግን መጣ። ደሙ ከተመለሰ ብሎ ሥጋ መቁረጥ ሊማር፣ እኔው ቤት። ሽጉጡን ከወገቡ አልፈታም። ያን መንጋጋ አያቱ ከሕፃንነቱ ጀምራ አስጠንታዋለች፤ በእንቅልፍ ልቡም ቢሆን ያውቀዋል። እዚያው እህል ገበያ ሄጄ ለዋሴ ቁርጡን ነገርኩት።

"ወይ ካገር ጥፋ፣ ወይ ብላ።"

"አልጠፋም" አለ። በላ።

መንገዱን ተወ። ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ያገኘውን ሁሉ በላ። ክረምቱ ሳይወጣ አንገቱ ጠፋ፤ መንጋጋው ሞላ። ጫማው የላጠው ትንሽ ቁስል ግን አልድን አለ፤ አውራ ጣቱ ጠቆረ። ሲስተር ፅዮን የስኳሩን ልክ አይታ ጮኸችበት። "በዚህ ከቀጠልክ እግርህ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ የለህም!" ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ወዳጁ አይደለህም? ምነው አትቆጣው?"

ጫማዬን አየሁ።

ለመስቀል እናቴ ከአይከል መጣች። ፀጉሯ አድጎ፣ ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ፤ ከየሻው ሞት ወዲህ እንዲያ ስታምር አይቻት አላውቅም። አንድ ቅል ማር ይዛ መጥታለች። "ያን ቻላቸው የሚያወራልኝን ወዳጅህን ጥራልኝ" አለች። ሰበብ ደረደርኩ፤ እናቴ ሰበብ አታውቅም። ቻላቸው ራሱ ሄዶ አመጣው።

ዋሴ እያነከሰ ገባ። ቻላቸው ደግፎ አስቀመጠው፤ ሽጉጡ የዋሴን ትከሻ ነካው።

"ልጄን በሰው አገር ብቻውን ያልተውከው አንተ ነህ?" አለች እናቴ። ግንባሩን ሳመችው። ድፎውን ቆርሳ ማር ውስጥ ነክራ ወደ አፉ ዘረጋች።

"እማማ፣ እኔ እንኳ..."

"አፈር ስሆን! ምነው፣ የእናት እጅ ይመለሳል እንዴ?"

ዋሴ አየኝ። እኔ ቻላቸውን አየሁ፤ ቻላቸው ፈገግ ብሎ የዋሴን ፊት ያያል። ዋሴ አፉን ከፈተና ጎረሰ። መንጋጋው ከስቡ ሥር ቀስ እያለ ሲሄድ እኔ ብቻ አየሁት። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ።

"ሸጋ ሰው፣ ሆደ ባሻ ነው ወዳጅህ" አለች እናቴ። ሁለተኛውን ቆረሰች። "በል ድገም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል።"

የማሩን ቅል አስጠጋሁላት።